ጋያ ሠሪው ዲዳ አይደለም

ቅዳሜ፣ ንጋት፤ ቃሊቲ

"ናዝሬት፣ ናዝሬት! አንድ ሰው የቀረው!" ይላል ረዳቱ። ገብቼ ሳይ ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው እኔና ሾፌሩ ብቻ ነን። ገና በቅጡ አልነጋም።

"አንድ ሰው ነው የቀረው አላልክም?" አልኩት።

"አንተ ነሃ የቀረኸው" ብሎኝ አረፈ።

መኪናው እስኪሞላ ፀሐይ ወጣች። ሒሳብ ሲሰበሰብ ደግሞ ታሪፉ ላይ "ለነዳጅ" የሚባል ነገር ተጨመረበት። ማንም አልተከራከረም። እኔ ተከራከርኩ፤ ተሸነፍኩ። የዚህ ጉዞ ንዴት ከመናኸሪያው እንደጀመረ አንባቢ ይወቅልኝ።

የምሄደው ጋሽ ይመር የሚባሉ ጋያ ሠሪ ፍለጋ ነው። ጋያ ላላየ ሰው፦ ቅል ውስጥ ውሃ ይደረጋል፣ ከላይ ትምባሆው የሚነድበት የሸክላ ራስ ይቀመጣል፣ ከጎን ረጅም ሸምበቆ ይሰካል፤ ጭሱ ውሃውን እያንቦጫቦጨ በሸምበቆው ይወጣል። የድሮ ሰው ትምባሆ የሚያጨሰው በዚህ ነው። አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ አላጨስም። አስም አለብኝ፤ ትምባሆ ነገ ከምድር ላይ ቢጠፋ እሰየው እንጂ እንባ አይወጣኝም። ከዚህ በታች የምቆጣው ለትምባሆ ተቆርቁሬ አይደለም።

አምና ክረምት አዳማ ላይ፣ ከገበያው ጀርባ ባለ ሰፈር፣ ዝናብ ይዞኝ የተጠጋሁበት በረንዳ የጋሽ ይመር ሱቅ ነበር። ሱቅ ሲባል የመኖሪያ ቤታቸው አንዱ ክፍል ነው፤ ወደ መንገድ የሚከፈት ሰፊ መስኮት አለው። ከጣሪያው ቅሎች ተንጠልጥለዋል። ከሥር የተጠፈጠፈ ያገር ቤት ትምባሆ፣ በወረቀት የተቋጠረ ሱረት፣ የሸምበቆ እስር፣ ከእሳት የወጡ የሸክላ ራሶች ተደርድረዋል። እሳቸው ቀጭን ብረት በከሰል እያጋሉ የሸምበቆውን አንጓ ውስጥ ለውስጥ ይበሳሉ። አፋቸው ግን ከእጃቸው ይፈጥናል። በልጅነታቸው ከወሎ እንዴት እንደወጡ፣ ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጡ ቆይተው እንዴት ወደ ፋብሪካው ቦይለር እንደገቡ፣ ጡረታ ሲወጡ የአባታቸውን የጋያ ሥራ እንዴት መልሰው እንዳነሱት፣ ዝናቡ እስኪያባራ ሳያቋርጡ አወሩኝ። ገዢ ሲመጣ በመጣበት ቋንቋ ነው የሚቀበሉት፤ ለአርሲዋ በኦሮምኛ፣ ለአገራቸው ሰው በወሎ አነጋገር። የጨዋታ ሱስ ያለበት ሰው ሁሉ የማያጨስም ቢሆን እዚያ መስኮት ሥር ይቆማል። "ተመልሼ መጥቼ እጽፍልዎታለሁ" አልኳቸው። "ጻፍ፤ ግን ካጠርከው እጣላሃለሁ" አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ረፋድ፤ አዳማ

የፍጥነት መንገዱ አልቆ፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ኮረብታው ላይ ነጭ ክንዳቸውን እያዞሩ ተቀበሉን። ሙቀቱም ተቀበለን። ባጃጅ ይዤ ገበያው ጀርባ ስደርስ የሱቁ መስኮት ዝግ ነው፤ በሳንቃ ተመትቷል።

ደጃፉ ላይ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ተቀምጠው ቅል በቢላዋ ይፍቃሉ። አወቁኝ።

"ያ ጸሐፊው ልጅ! ዘገየህ፤ ሰውዬውን ወስደውታል።"

ደነገጥኩ። "ማን ወሰዳቸው? ፖሊስ?"

"ፖሊስ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ስንቅ አቀብለዋለሁ። ሶደሬ ነው ያለው፤ አንድ ሎጅ ወስዶ አስቀመጠው። ዲዳ አድርገው ቀጠሩት።"

"ዲዳ አድርገው ማለት?"

"ሂድና እየው። እኔ ብነግርህ ተቆጥታ ነው የምታወራው ትላለህ" አሉና ቅሉን መፋቅ ቀጠሉ። ከዚያ ግን አላስቻላቸውም። ደንበኛ እየሳሳ መምጣቱን፣ ጋያ የሚያጨሱት አሮጊትና ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እያለፉ ሱቁ ጭር ማለቱን፣ አንድ ጎረምሳ መኪና አቁሞ "የሚሠሩትን ሁሉ እንረከብዎታለን፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ መሥራት ብቻ ነው" ማለቱን ነገሩኝ። "ለጉልበቱም ፍል ውሃው ይበጀዋል ብዬ፣ ሂድ ያልኩት እኔው ነኝ። አፉን ይለጉሙታል ብዬ መች ጠረጠርኩ!"

ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ፤ ሶደሬ

ከአዳማ ሶደሬ ሩቅ አይደለም። አዋሽ እንደ ሻይ ቀልቶ ይወርዳል፤ ጦጣዎቹ ከዛፍ ዛፍ እየዘለሉ ለሰው ምሳ ያደባሉ። ፍል ውሃው ጋ ፎጣ በትከሻቸው የጣሉ እናቶች ጥላ ሥር ላባቸውን ያደርቃሉ። ሎጁ ከዚያ አለፍ ብሎ በአዲስ አጥር የተከለለ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ማስታወቂያ ይሆንለታል። የዓሣ ጥብሱ ዋጋ መቂ ጀልባ ሳይገዛ አይቀርም።

በሩን አልፎ የሣር ጎጆ አለ። ጎጆዋ ውስጥ ጋሽ ይመር ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ አላወቅኳቸውም። ራሳቸው ላይ የጦጣ ጠጉር የተሰፋበት ቆብ ደፍተዋል። በሸሚዛቸው ፈንታ የፍየል ቆዳ ትከሻቸው ላይ ተጥሏል። ግንባራቸውና ጉንጫቸው ላይ ነጭ ቀለም ተነጥቦባቸዋል። እጃቸው ሸምበቆ እየበሳ ነው፤ አፋቸው ዝግ ነው። ጎጆዋን ከበው አንድ ቡድን እንግዳ ስልኩን ደቅኗል። ማይክራፎን የያዘ ወጣት፣ የሎጁ ሥራ አስኪያጅም አስጎብኚም እሱ ነው አሉ፣ እንዲህ ይላል፦

"እኚህ አባት ከሩቅ ጠረፍ የመጡ፣ የጎሳቸው የመጨረሻው ጋያ ሠሪ ናቸው። አማርኛ አይችሉም፤ ኦሮምኛም አይችሉም። የሚነጋገሩት ከአያቶቻቸው መንፈስ ጋር ብቻ ነው፤ በዚህ ጭስ አማካይነት።"

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የተባለው አምስት ወቅት ስለሚሰግዱ፣ የወንጂን ቦይለር ስለጠበቁ፣ በሁለት ቋንቋ ተረት ስለሚያወሩ ሰው ነው! ስድቡ ደግሞ ለእሳቸው ብቻ መች ሆነ? ጠረፍ የሚኖረው ሰው ሁሉ ቆዳ ለብሶ ከጭስ ጋር የሚያወራ ነው ለማለት ነው። እንግዶቹም ይህን ሰምተው "ዋው" አሉ። የተማሩ ናቸው፤ አንገታቸው ላይ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አለ።

ቡድኑ ለምሳ ሲነሳ ጠጋ ብዬ "ጋሽ ይመር" አልኩ። በዓይናቸው ወደ ማድ ቤቱ ጀርባ ጠቆሙኝ። እዚያ ተከትያቸው ሄድኩ። ቆቡን አውልቀው ፊታቸውን በእሱ እያራገቡ፣ የታፈነ ወሬያቸውን በአንድ ትንፋሽ ለቀቁት።

"መጣህ! ቃልህን ጠበቅህ! ዘይነባ እንዴት ናት? ተቆጥታለች? ትቆጣ። እየው ይሄን ቆብ፤ ቁንጫ አለበት መሰለኝ።"

"ለምንድን ነው የማይናገሩት?"

"መጀመሪያ ላይ እናገር ነበር እኮ። ስሜን፣ አገሬን እነግራቸዋለሁ። እንግዳው እንደሱ ጥርት አድርጌ አማርኛ ስናገር ሲሰማ ስልኩን ያጠፋል፤ ይሄማ እንደ ሰፈራችን ሽማግሌ ነው ብሎ ይሄዳል። ልጁ መጣና 'ፋዘር፣ ዝም ቢሉ ያምርብዎታል' አለኝ። ዝም ማለት ምን ይከብዳል ብዬ ነው።"

"ነውር ነው!" አልኩ። ድምፄ ከፍ አለ መሰል ሰሃን አጣቢዎቹ ዞሩ።

ጋሽ ይመር ሳቁ። "አንተ ለምን ትበሳጫለህ? ቁጭ ብዬ ጋያዬን እሠራለሁ። ማታ ፍል ውሃ እገባለሁ። ጉልበቴ ተሽሎታል። ውሸቱን የሚዋሸው እሱ፤ እኔ ምን አልኩ?"

 እውነትም ምንም አላሉም።

ወደ ጎጆዋ ተመለሱ፤ እኔም አጠገብ ካለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከምሳ የተመለሰው ቡድን እንደገና ከበበ። በዚህ መሐል ከፍል ውሃው በኩል ፊቷ ገና የቀላ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ አርባን የተጠጋች ሴት ውሃ ልትገዛ ገባች። ጎጆዋን አልፋ ሄዳ ነበር፤ ተመለሰች። አጎንብሳ አየች። ከዚያ ፊቷ በራ።

"ኦቦ ይመር! አካም ጅርቱ? ነጋዳ? ፈያዳ?"

ጋሽ ይመር ቀና አላሉም።

"ዘሃራ ነኝ እኮ! የመቂዋ!" አለች ወደ አማርኛ ቀይራ። "ምን ሆነው ነው? ይሄ ደግሞ ፊትዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

ወጣቱ ማይክራፎኑን ወደ ጎን አድርጎ "እናት፣ አማርኛ አይችሉም" አላት።

"ምን ይላል ይሄ? ለእናቴ ጋያ የሚሠሩላት እሳቸው ናቸው። በመጣሁ ቁጥር ሳያስቁኝ ሸኝተውኝ አያውቁም።" ወደ ጎጆዋ አጎነበሰች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ የምትለው ነገር የብዙ ሰው ፊት ወሬ አይደለም። "ኦቦ ይመር፣ ሃቲ ኮ ዱቴ። እናቴ ሞተች።"

ሸምበቆ የሚበሳው እጃቸው ቀጥ አለ።

ይኸኔ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። አገራችን ላይ ባላጋራ እንኳ ሞት ሲረዳ "ነፍስ ይማር" ይላል። ሙስሊሙ "አላህ ይዘንላት" ይላል። የማያውቀው መንገደኛ ቆሞ ከንፈሩን ይመጣል። ጋሽ ይመር አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ስልኮቹ እንደተደቀኑ ናቸው። ሴትዮዋም ጠበቀች። 

"እሺ" አለች ዘሃራ ቀና ብላ። "እሺ ኦቦ ይመር።" ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ፣ ውሃውንም ሳትገዛ ወጣች።

እኔ ብድግ ብዬ ወጣቱ ላይ ጮህኩበት። ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ጋዜጣው አያወጣውም። "ብሮ፣ ተረጋጋ፤ ሾው ነው እኮ" አለኝ። ይህን ሲለኝ ከጀርባዬ ሰዎች ፀጥ አሉ። ዞር ስል ጋሽ ይመር ቆመዋል። ቆቡን አውልቀው ለወጣቱ እጁ ላይ አኖሩለት። ቆዳውንም አከሉበት። ከውስጥ ካናቴራ ለብሰዋል፤ አጥንታቸው ይታያል።

"ስሜ ይመር ይባላል" አሉ፣ መጀመሪያ ጎርነን፣ ቀጥሎ ጥርት ብሎ በወጣ ድምፅ። "ወሎ ተወልጄ አዳማ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አሁን የሄደችው ሴት እናቷ ሞታባት ነገረችኝ፤ እኔ ዝም አልኳት። አያችሁ፣ ሰው እንዲህ ይሆናል።"

እንግዶቹ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? አጨበጨቡ! የትርዒቱ ማብቂያ መስሏቸው አጨበጨቡ። አንዷማ "እንደገና ይደግሙልናል?" ብላ ጠየቀች።

ሮጠን ፍል ውሃው ጋ ደረስን። ሐዘኑ ያደከማትን ዘሃራን ጎረቤቶቿ ይዘው የመጡበት መኪና ግን አቧራውን አስነስቶ ሄዷል።

ቅዳሜ፣ አመሻሽ፤ አዳማ

በሚኒባሱ ውስጥ ጋሽ ይመር በመሐረብ ጉንጫቸውን ያሻሉ፤ ነጩ ቀለም ግን በቀላሉ አይለቅም። ረዳቱ "አባባ፣ ሠርግ ነው?" አላቸው። መሐረቡን ገልብጠው ማሸታቸውን ቀጠሉ።

"ለምን አልመለሱላትም?" አልኳቸው ቆይቼ።

"ልመልስላት ነበር። ወላሂ ልመልስላት ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። ያ ሁሉ ሰው አይቶኝ፣ አሁን ብናገር ውሸታም ነው ሊሉኝ ነው ብዬ አፈርኩ። ማንን ነው ያፈርኩት? የማላውቃቸውን። ማንን አሳፈርኩ? የማውቃትን።" 

እትዬ ዘይነባ የሆነውን ሲሰሙ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። እኔ "ባሌን መለሱልኝ" ብለው ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር።

"ለሞት ዝም አልክ?"

"አልኩ።"

"የዘሃራ እናት፣ ከረመዳን በፊት የሸክላ ራሱ የተሰነጠቀውን ጋያዋን ልካ፣ እኔ በእጄ የተቀበልኩላት ሴት ናት። በሥጋ ዘመድ ባንሆን በሰላምታ ዘመድ ነን። አንተ ሰው፣ ቀለሙን ታጠብ። ነገ መቂ እንሄዳለን።"

"ታባርረኛለች።"

"ታባርርህ! ደጇ ላይ ሄደህ ተባረር። እቤትህ ተቀምጠህ አይደለም የምትባረረው።"

እሑድ፣ ጠዋት፤ በሞጆ በኩል

ሦስታችንም የሞጆ መኪና ያዝን፤ ሞጆ ላይ ወደ መቂ ቀየርን። እትዬ ዘይነባ ለቅሶ ባዶ እጅ አይኬድም ብለው ቡናና ስኳር በዘንቢል ይዘዋል፤ ዘንቢሉን ማንም እንዲይዝላቸው አልፈቀዱም። ቆቃ ሐይቅ በስተግራ ይብለጨለጫል። የመንገዱ ዳር ዓሣ በክር ሰቅለው የሚያሳዩ ወጣቶች መኪናው ሲቀርብ ዓሣውን እንደ ባንዲራ ከፍ ያደርጋሉ። ዓለም ጤና ላይ ጎማ እስኪነፋ ቆምን፤ ሐብሐብ በላን። ጋሽ ይመር ሐብሐቡን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ።

ሾፌሩ ተጫዋች ሰው ነው፤ በሬዲዮ ስለ ኳስ ሲወራ ከኋላው ያሉትን ሁሉ እየጠየቀ ያከራክራል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጋሽ ይመር መሪውን ነጥቀው ጨዋታውን ይነዱት ነበር። ዛሬ መስኮቱን ብቻ ያያሉ። ሎጁ ያሳጣቸውን ነገር በትክክል ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ተመልሶ እንደሚመጣም እርግጠኛ አልነበርኩም። ንዴቴ እዚያች ሚኒባስ ውስጥ ወደ ፍርሃት ተለወጠ።

እሑድ፣ ረፋድ፤ መቂ

መቂ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። አይሱዙዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ተደርድረዋል፤ ተሸካሚው ከረጢት በጀርባው አዝሎ ሳንቃው ላይ ይሮጣል፤ ደላላው ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው ይዞ ለአዲስ አበባ ሌላ፣ ለገበሬው ሌላ ዋጋ ይጠራል። የቲማቲም ሳጥን ላይ አንድ ድመት ተኝታለች። ዘሃራን ስንጠይቅ ሁሉም ያውቃታል። የሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ አንድ መኪና ጥግ ቆማ ጭነት ታስቆጥራለች።

አየችን። ፊቷን ወደ ከረጢቱ መለሰች።

ጋሽ ይመር ሦስት ርምጃ ያህል ሲቀራቸው ቆሙ። "አሰላሙ አለይኩም" አሉ።

አልመለሰችም። ለተሸካሚዎቹ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለች፤ ተሸካሚዎቹ ሳቁ። እትዬ ዘይነባ ተረጎሙልኝ፦ "አማርኛም ኦሮምኛም የማይችለው ሰውዬ መጣ" ነው ያለችው።

"ዘሃራ" አሉ።

"አቤት!" አለች ዞራ። ድምፅዋ ደላላውን ከስልኩ አናጠበው። "ዛሬ ቻሉ? ትናንት ማን ከለከለዎት? እኔ ከዚያ ገብቼ ምን ጠየቅሁ? ሽንኩርት ግዙኝ አልኩ? እናቴ ሞተች ብዬ ነገርኩ! የቆዳ ልብስዎን አይቼ አልሳቅሁም። ያበዱ መስሎኝ፣ መኪና ውስጥ ስገባ ያለቀስኩት ለእርስዎ ነው። ከዚያ ጎረቤቴ በስልኳ ቪዲዮ አሳየችኝ። ቆመው ሲናገሩ! ለእነሱ ሲናገሩ! ለእኔ ዝም፣ ለእነሱ ንግግር!"

ልክ ናት። ይህን እኔም አላሰብኩትም ነበር። ጋሽ ይመር እጃቸውን ወደ ጎን አድርገው ቆሙ። ሎጁን አልከሰሱም፣ ወጣቱን አልከሰሱም፣ ጉልበታቸውን አላነሱም።

"ልክ ነሽ" አሉ። "ቀድሞ መናገር ላንቺ ነበር። አስቀየምኩሽ።"

"በቃ? ይሄው ነው?"

"ይሄው ነው። ሌላ የምለው የለኝም።"

ዘሃራ ተመለከተቻቸው። ጆሯቸው ሥር ገና ያልለቀቀ ነጭ ነጥብ አለ። ጭነቱ እስኪያልቅ ከረጢት ማስቆጠሯን ቀጠለች፤ ጋሽ ይመርም ፀሐይ ላይ ከቆሙበት ሳይነቃነቁ ጠበቁ። እትዬ ዘይነባ ጥላ ሥር ሆነው "ይቁም፣ ይቁም" ይላሉ፤ እጃቸው ግን የዘንቢሉን ጆሮ ጨምቆ ይዟል። አይሱዙው ሸራውን ለብሶ ሲነሳ ዘሃራ እጇን አራግፋ መጣች። ልክ አሁን እንዳገኘቻቸው ሁሉ ፊታቸው ቆመች።

"ኦቦ ይመር" አለች፤ ድምፅዋ እንደ ትናንቱ ዝቅ አለ። "ሃቲ ኮ ዱቴ።"

ጋሽ ይመር ሁለት እጃቸውን ወደ ፊታቸው አነሱ። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ። ከዚያ የኦሮምኛውን ሐዘን፣ ከዚያ የወሎውን፣ ከዚያ የሟቿን ስም እየጠሩ፣ "እኔን አፈር ያድርገኝ፣ እንዴት ሳልሰማ፣ መቼ ነው፣ ምን አመማት" እያሉ ሽንኩርቱ ልጣጭ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ዘሃራም አጠገባቸው ተቀመጠች፤ እትዬ ዘይነባም ዘንቢላቸውን ይዘው መጡ። ደላላው ስልኩን ከጆሮው አወረደ።

እሑድ፣ ከሰዓት፤ የዘሃራ ቤት

ዘሃራ ወደ ቤቷ ወሰደችን። ግቢው ውስጥ ለመጽናኛ የተጣለው ሸራ ገና አልተነሳም፤ ጎረቤቶችም መጡ። ሽማግሌዎቹ ጋሽ ይመርን ሟቿን እንዴት እንዳወቋቸው ጠየቁ። እሳቸውም ጀመሩ። ሴትየዋ መጀመሪያ ቀን ሱቃቸው መጥተው ቅሉን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው፣ ውሃው ሲንቦጫቦጭ ድምፁን ሰምተው "ይሄ ይኮርፋል፤ ሌላ አምጣ" ማለታቸውን አወሩ። ልጆቹ ሳቁ፤ ዘሃራ እያለቀሰች ሳቀች፤ "እውነት ነው፣ እሷ ናት!" አለች። ሌላ ጨመሩ። ያላወቀችውን ነገሯት፤ እናቷ እሷን ሲድሩ አዳማ መጥተው ሱቁ በረንዳ ላይ ተደብቀው ማልቀሳቸውን። ዘሃራ ይህን ስትሰማ ወደ እሳቸው ተጠጋች።

ትምባሆውን አሁንም አልወደድኩትም። ያ ሎጅ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ሽማግሌ ፈልጎ ቆዳ እንደሚያለብስ አውቃለሁ፤ ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል። ሶደሬ የምትሄዱ፣ የተቀባ ሽማግሌ ካያችሁ፣ ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙን ጠይቁት።

ወደ ሞጆ የሚወስደው መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ተነሳሁ። እትዬ ዘይነባ በጣታቸው "ቀስ ብለህ ውጣ፣ አታቋርጠው" አሉኝ። ጫማዬን አጥልቄ ከግቢው ስወጣ ጋሽ ይመር ገና ያወሩ ነበር።